ዓመቱን አትመኑ፦ ዳግም የታተሙ ታሪካዊ ሳንቲሞችን እንዴት እንሰብስብ?

ማርያ ትሬዛ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቶ የታተመ ሊሆን ይችላል። በ1938 ሮም ላይ የታተመም ሊሆን ይችላል። በቅርብ ዓመታት ቪየና ውስጥ ከማሽን የወጣም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ላይ 1780 ነው ያለው። ሁሉም ደግሞ በሕጋዊ ማተሚያ የታተሙ ናቸው፤ ፎርጅድ አይደሉም።

እንዲህ ዓይነቱን ሳንቲም ዳግም እትም እንበለው። የድሮ ንድፍ፣ የድሮ ዓመት፣ ግን በኋላ ዘመን የታተመ። አንዳንዱ ለንግድ ታተመ። አንዳንዱ ለወርቅ ቁጠባ። አንዳንዱ ደግሞ ለመታሰቢያ፣ አንድ ሳንቲም 100 ወይም 200 ዓመት ሞላው ተብሎ። እነዚህን መሰብሰብ ደስ የሚል ሥራ ነው። ዋናዎቹን ጥንታዊ ሳንቲሞች የመግዛት አቅም ለሌለውም በር ይከፍታል። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው መያዝ አለበት፦ ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት የንድፉ ዓመት ነው። ሳንቲሙ በትክክል የታተመበት ዓመት ሌላ ነው። የእኛ ሥራ ሁለተኛውን ዓመት ማግኘት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፦ ምን እንደምትገዙ በስሙ ለዩ

ገንዘብ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ይላል። ኦሪጅናል ሲል ምን ማለቱ ነው? ከመንግሥት ማተሚያ መውጣቱን ነው ወይስ በተጻፈበት ዓመት መታተሙን? ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ዓይነት ትክክለኛው ዳግም እትም ነው። የመንግሥት ማተሚያው በራሱ የማተሚያ ብረት (ምስሉ በተቀረጸበት ማኅተም)፣ ወይም ከዚያ በተቀዳ አዲስ ብረት፣ የድሮውን ዓመት ሳይለውጥ ያትማል። ማርያ ትሬዛ የዚህ እናት ናት። የኦስትሪያ ባለ 1 እና ባለ 4 ዱካት ወርቅ 1915 የሚል ዓመት ይዞ እስከ ዛሬ ይታተማል። ባለ 100 ኮሮናውም 1915 ይላል። የሜክሲኮው ባለ 50 ፔሶ ወርቅ 1947 ተብሎ ከዚያ በኋላ በተለያዩ ዓመታት ታትሟል። በኢትዮጵያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን 1936 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ዓመታቸው ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ታትመዋል። እነዚህ ግን ለመገበያያ የወጡ እንጂ ለሰብሳቢ የታሰቡ አይደሉም።

ሁለተኛው ሩሲያውያን ኖቮዴል የሚሉት ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የሩሲያ ማተሚያ ለባለጸጋ ሰብሳቢዎች የድሮ ሳንቲሞችን እንደገና ያትምላቸው ነበር። ብዙ ጊዜ የድሮው ብረት ስለማይገኝ አዲስ ይቀረጻል። ስለዚህ ማተሚያው እውነተኛ፣ ዓመቱ የድሮ፣ ብረቱ ግን አዲስ ነው። ዛሬ ኖቮዴሎች ራሳቸው ተፈላጊ ሆነዋል።

ሦስተኛው የመታሰቢያ እትም ነው። የድሮው ንድፍ ይመለሳል፤ አዲሱ ዓመት ግን በግልጽ ይጻፋል። የእንግሊዝ ሮያል ሚንት በ2017 የሶቨሪን ወርቅ 200ኛ ዓመትን ሲያከብር የ1817ቱን የፒስትሩቺ ንድፍ መልሶ አወጣ። በ2019 ደግሞ የዊልያም ዋየንን የ1839 ንድፍ፣ "ዩናና አንበሳው" የሚባለውን፣ አሳተመ። አሜሪካ በ2009 የቀራፂው ሴንት ጎደንስን የ1907 ባለ 20 ዶላር ንድፍ፣ ምስሉ ከሳንቲሙ ላይ ጎላ ብሎ እንዲነሣ አድርጋ፣ በወርቅ አወጣች። በ2016 በ1916 የወጡትን ሦስት የብር ሳንቲሞች ንድፍ በወርቅ ደገመች። የኔዘርላንድ ማተሚያ በ2017 የ1617ን የአንበሳ ዳለር በብር ደግሞ አትሟል፤ ሁለቱም ዓመቶች ተጽፈውበታል። ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ዓይነት ነው። ሳንቲሙ ስለ ራሱ እውነቱን ይናገራልና።

አራተኛው የግለሰብ ዳግም እትም ነው። የማተሚያ ብረቱ እውነተኛ ሆኖ ያተመው ግን መንግሥት አይደለም። በ1861 የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ኮንፌዴሬሽን በኒው ኦርሊንስ ባለ ግማሽ ዶላር አሳተመ፤ የታተሙት 4 ብቻ ነበሩ። የጀርባው ብረት በኋላ ጄ. ደብሊው. ስኮት በሚባል ነጋዴ እጅ ገባ። እሱም በ1879 የ1861 እውነተኛ ግማሽ ዶላሮችን 500 ያህል ሰበሰበ፤ ጀርባቸውን ፍቆ በዚያ ብረት አተማቸው። ለዚህ ነው የእነዚህ ሳንቲሞች ፊት ጠፍጠፍ ብሎ የሚታየው።

ከእነዚህ ከአራቱ ውጭ ያለው ቅጂና ሐሰተኛ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከ1973 ጀምሮ የሳንቲም ቅጂ ላይ "ኮፒ" የሚል ቃል እንዲታተም ያስገድዳል። ሁሉም አምራች ግን ይህን አይጠብቅም። ቅጂ መግዛት ነውር የለውም። በዳግም እትም ዋጋ መግዛት ነው ችግሩ።

ሁለተኛ፦ አንድ መስመር ያዙ

ያገኙትን ሁሉ መግዛት ስብስብ አይሆንም። መስመር ይኑራችሁ። ጥንድ መሰብሰብ አንዱ መንገድ ነው፦ የመታሰቢያውን እትም ከተቻለ ከተለበሰ ዋና ሳንቲም ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ። ሌላው ዓመታቸው የቆመ የወርቅ ሳንቲሞችን መያዝ ነው። ወርቁ ግን ኪስ ይጎዳል።

ምርጫው የእኔ ቢሆን በማርያ ትሬዛ ጀምሩ እላለሁ። በዚህች አንዲት ብር ውስጥ የዓለም ታሪክ አለ። ዋጋዋም ብዙ ሰው የሚችለው ነው።

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው ኅዳር 1780 ነው። ነጋዴው ግን የሞቷን ዜና ከቁብ አልቆጠረውም። በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በዐረቢያና በኢትዮጵያ ሰው የለመደው መልክ ያንን ነበር፦ የመበለት መሸፈኛ ያደረገች ሴት፣ ትከሻዋ ላይ ባለ ፈርጥ ጌጥ። ተቀባዩ ፈርጦቹን ይቆጥራል። መልኩ ከተለየ አይቀበልም። ስለዚህ ማተሚያዎቹ ዓመቱን ሳይነኩ ቀጠሉ። በ1858 በኦስትሪያ ውስጥ መገበያያነቱ ቀረ፤ ለውጭ ንግድ ግን መታተሙ አልቆመም። ምኒልክ በ1890ዎቹ በራሳቸው ምስል በፓሪስ ያሳተሙት ብር እንኳ ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም።

ከዚያ 1935 መጣ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ሙሶሊኒ ብሩን የማተም መብት ከኦስትሪያ ወሰደ። ሮም ማተም ጀመረች። በቀይ ባሕር የሚነግዱት እንግሊዞች ብር ሊያጡ ሆነ። በ1936 ለንደን የራሷን ማተም ጀመረች። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም አተሙት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማተሙ ወደ ቪየና ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ስለዚህ አንድ ሳንቲም ብቻ ይዛችሁ የብዙ ከተማ ስብስብ መሥራት ትችላላችሁ። ሁሉም ላይ የኤስ እና ኤፍ ፊደላት አሉ፤ ሾብልና ፋቢ ከሚባሉት የጉንዝቡርግ (ጀርመን ውስጥ ያለች ከተማ) ማተሚያ ሹማምንት ስም የመጡ ናቸው። የየከተማው ልዩነት በጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው፦ ጀርባው ላይ ባለው ንስር የጅራት ላባ፣ በጌጡ ፈርጥ፣ በጠርዙ ሐረግ። መለየቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፎቶ እያነሡ፣ እያሰፉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው መንገዱ። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ሦስተኛ፦ መሣሪያ

ብዙ አያስፈልግም። እስከ 0.01 ግራም የሚለይና 500 ግራም የሚችል ዲጂታል ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ጠንካራ ማግኔት። ካሊፐሩ የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ የብረቱ ሳንቲም ይጭራል። አምፖሉ ከጎን የሚያበራ ይሁን።

አራተኛ፦ ሳንቲሙን መርምሩ

በሚዛን ጀምሩ። ጥቂት ቁጥሮችን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ማርያ ትሬዛ 28.07 ግራም ትመዝናለች፤ 833 የብር ንጽሕና አላት (ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው ማለት ነው)፤ ስፋቷ 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ባለ 4 ዱካት 13.96 ግራም፣ ንጽሕናው 986። የኦስትሪያ 100 ኮሮና 33.88 ግራም፣ ንጽሕናው 900። የሜክሲኮው 50 ፔሶ 41.67 ግራም፣ እሱም 900፤ ውስጡ ያለው 37.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ ራሱ ሳንቲሙ ላይ ተጽፏል። ብዙ እጅ የዞረ ሳንቲም ትንሽ ቢቀል አይገርምም። ግማሽ ግራም ከከበደ ግን ጥያቄ አንሡ።

ቀጥሎ ማግኔት። ብርም ወርቅም በማግኔት አይያዙም። ከተያዘ ነገሩ አለቀ። ካልተያዘም ገና አላለቀም፤ መዳብና ነሐስም አይያዙምና። ማግኔቱን አዘንብላችሁ ሳንቲሙን ልቀቁት። እውነተኛ የብር ሳንቲም ጠንካራ ማግኔት ላይ ሲንሸራተት ዝግ ይላል፤ የሆነ ነገር የሚጎትተው ይመስላል።

ከዚያ የውሃው ፈተና። ይህን ሰው ይፈራዋል። ግን ቀላል ነው፤ ብዙ ሐሰተኛም የሚያጋልጠው እሱ ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙን ደረቁን መዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። የአየር አረፋ ከያዘ ክሩን ነካ ነካ አድርጉት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ለማርያ ትሬዛ ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ማሳየት አለበት። 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይሆናል፤ 833 ንጽሕና ያለው ብርና መዳብ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ሳንቲሙ ከመዳብ ተሠርቶ ብር የተቀባ ቢሆን ውጤቱ 8.9 ገደማ ነው። 900 ንጽሕና ያለው ወርቅ 17 እና ትንሽ ይመጣል። ስትጨርሱ በለስላሳ ጨርቅ ተጭናችሁ አድርቁት፤ አትሹት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፕሩፍ የሚባሉትን፣ እንደ መስታወት የሚያበሩትን የመታሰቢያ እትሞች፣ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። ከማሸጊያቸውም አታውጧቸው። ደግሞ ተንግስተን የሚባለው ብረት ክብደቱ ከወርቅ ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ ውሃ አይለየውም። ስለዚህ ወርቅ የምትገዙት የሚታወቅ፣ መልሶ የሚገዛ ነጋዴ ጋ ይሁን።

በመጨረሻ ጠርዙን ተመልከቱ። ብዙ ሰው ፊትና ጀርባውን አይቶ ያልፋል። ሐሰተኛ ሠሪውም ይህንን ያውቃል። የማርያ ትሬዛ ጠርዝ ላይ በላቲን "ኢዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ"፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው፣ በጌጥ መሐል ተጽፏል። ፊደሉ የደበዘዘ፣ የተዘለለ፣ ወይም ጠርዙን ዙሪያውን የሚዞር የመገጣጠሚያ መስመር ካያችሁ ሳንቲሙ በሻጋታ ፈስሶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በመነጽር ስታዩ ደግሞ ሜዳው (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ቦታ) ላይ የአረፋ ቀዳዳዎች ከታዩ ያው ነው።

አምስተኛ፦ እውነተኛውን የኅትመት ዘመን ፈልጉ

እውነተኛ ነው ብላችኋል። ታዲያ መቼ ታተመ?

አንዳንድ ማተሚያ ምልክት ይተዋል። ከሁሉ የተመቸው የፓሪሱ ነው። የድሮ ሜዳሊያዎችንና ንድፎችን ዳግም ሲያትም ጠርዙ ላይ ትንሽ ምልክት ያኖራል። ከ1845 እስከ 1860 የምትጠቁም እጅ፣ ከ1860 እስከ 1879 ንብ፣ ከ1880 ወዲህ ፍሬ የሞላበት ቀንድ። በ1805 የተቀረጸ የናፖሊዮን ሜዳሊያ ጠርዙ ላይ ቀንድ ካለው ከ1880 በፊት የታተመ አይደለም። ነገሩ በአንድ እይታ ያልቃል። የሃንጋሪ ዳግም እትሞች ላይ ደግሞ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዩ እና ፒ፣ የሚገኙባቸው አሉ።

ምልክት ከሌለ ቀለምና አጨራረስ ይረዳል። ዶሮ ያለበት የፈረንሳይ ባለ 20 ፍራንክ ወርቅ ከ1907 እስከ 1914 ያሉ ዓመቶችን ይዞ በ1950ዎቹ እንደገና ታትሟል። የኋለኞቹ ቀላ ይላሉ። ዋናዎቹ ቢጫነታቸው ያይላል።

አንዳንዱን ደግሞ የሚነግራችሁ መዝገብ ብቻ ነው። 1925 የሚል የእንግሊዝ ሶቨሪን በጊዮርጊስ አምስተኛ ምስል አለ። ንጉሡ በ1936 ሞቷል። ያው ሳንቲም ግን በ1949፣ በ1951 እና በ1952 ታትሟል። በዓይን የመለየት ተስፋ የለም። እንዲህ ሲሆን ባለሙያ ነኝ ባይ "ይሄ የ1925ቱ ነው" ቢላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

የአሜሪካው የ1804 ዶላር ደግሞ ስብስብ ወዳድ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። 1804 የሚል ዶላር በ1804 አልታተመም። የመጀመሪያዎቹ 8 በ1830ዎቹ ለውጭ ነገሥታት ስጦታ ተብለው ታተሙ። ሌሎቹ 7 ከዚያ በኋላ ተጨመሩ። በጠቅላላው 15 ናቸው። በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ ሳንቲሞች መሐል ናቸው። ዳግም እትም ሁሉ ርካሽ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህንን ንገሩት።

ስድስተኛ፦ ዋጋ

ሒሳቡ አጭር ነው። ክብደቱን በንጽሕናው አባዙ። ለማርያ ትሬዛ 28.07 በ0.833 ሲባዛ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል። ያንን በዕለቱ የአንድ ግራም የብር ማዕድን ዋጋ አባዙ። የተገኘው የወለል ዋጋው ነው። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ለተለመደ የቪየና እትም ጭማሪው ትንሽ መሆን አለበት። ለሮም ወይም ለቦምቤይ እትም ትንሽ ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው፤ ሻጩ እንዴት እንደለየው ካሳያችሁ። ለመታሰቢያ እትም የታተመበትን ብዛት ጠይቁ። "ውስን ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቁጥሩ ስንት ነው? ሣጥኑና የምስክር ወረቀቱ አሉ? ከሌሉ ዋጋው ይቀንሳል፤ እናንተም ስትሸጡ ያው ነው የሚገጥማችሁ።

ሻጩ "እንደገና የታተመ መሆኑን" ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁ። ቀና ነጋዴ ይህን አይፈራም። ከተግደረደረ ደግሞ ሂዱ፤ ሳንቲሙ ሌላ ቦታ አይጠፋም።

ሰባተኛ፦ አያያዝ

አታጽዱ። ማጽጃ ፈሳሽ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ምንም። ብር ሲጠቁር መልኩ ነው፤ የታጠበ ብር ግን ተመልሶ አይዳንም። በጠርዙ ያዙት። ፒቪሲ ካለበት ለስላሳ ፕላስቲክ አርቁት፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይተውበታል። ጠንካራ ካፕሱል (ክብ የፕላስቲክ መያዣ) ግዙ፤ ለማርያ ትሬዛ 41 ሚሊሜትሩ ይበቃል። ቦታው ደረቅ ይሁን።

ስምንተኛ፦ መዝገብ

ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ካርድ ይኑረው። ሁለት ዓመት ይጻፍበት፦ ሳንቲሙ ላይ ያለው፣ እና የታተመበት ነው ብላችሁ የደረሳችሁበት። አጠገቡ ምክንያቱን አስፍሩ። "ሮም፣ ከ1935 በኋላ፤ በጅራቱ ላባና በጠርዙ ሐረግ" ዓይነት። የራሳችሁን ክብደትና የውሃ ውጤት ጨምሩ። ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛም ይግባ። ካልለያችሁት "ማተሚያው አልተለየም" በሉ፤ ግምትን እውነት አስመስላችሁ አትጻፉ።

"ዳግም እትም" የሚለው ቃል ካርዱ ላይ ከላይ፣ በጉልህ ይሁን። አንድ ቀን ስብስቡን የሚወርሱት ልጆች ወይም የሚገዛው ሰው እናንተ የምታውቁትን ላያውቅ ይችላል። 1780 የሚለውን አይቶ ብቻ ዋጋ እንዲተምን አትተዉት። ካርዱን በእርሳስ ጻፉት፤ የተሻለ ማስረጃ ባገኛችሁ ቁጥር እያረማችሁ ትሄዳላችሁ። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ሳንቲሙን ከካርዱ ጋር የምታስቀምጡት፤ ሳንቲም በተቀመጠበት ላይ መጻፍ ይጭረዋል።